ልጄ ቤት የፈረንጆቹ ገና ሲከበር እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ ማዕዱ ላይ ልቀመጥ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ሜሪላንድ ልጄ ዘንድ ነኝ። ባሏ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፣ እንደ እናቱ ነው የሚያየኝ። የምቸገረው በፈረንጆቹ ገና ነው። የእሱ እናትና አባት፣ እህቶቹም ይመጣሉ። ሥጋውም አሳማውም ማዕዱ ላይ ይደረደራል። እኔ ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ። አምና ጾሜን እንዳላረክስ ብዬ በሬን ዘግቼ ዳዊቴን ስደግም ዋልሁ። ማታ ልጄ እያለቀሰች «እማዬ፣ አሳፈርሽኝ» አለችኝ። የልጅ ልጆቼም ለጥቂት ቀን ራቁኝ። ዘንድሮስ ምን ላድርግ? አብሬ ብቀመጥ የእነሱን በዓል ማክበር አይሆንብኝም?

መልስ፦ እናቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ፣ በሰው አገር፣ በዚያ ብርድ ጾምዎን አለመልቀቅዎን እግዚአብሔር ያያል። ጾሙ እንዴት እንደሚጾም ለእርስዎ አልነግርም፤ ሲጾሙት ኖረዋል። የአሳማውንም ነገር እንዲሁ። እኔ የምናገረው ስለ ተዘጋው በር ነው።

ይህን በር በውጭ አገር ባሉ ብዙ ቤቶች አግኝቼዋለሁ። ከሚበላው ምግብ መከልከልና ከሚበላው ሰው መሸሽ አንድ የሚመስላቸው ደጋግ እናቶች አሉ። አልፈርድባቸውም። አገር ቤት ጎረቤቱም ዘመዱም አብሮ ይጾማል፤ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ራሱ ይዘጋል። እየበላ ካለ ሰው ጎን ተቀምጦ መጾምን ማንም አላስለመዳቸውም። እዚህ ሲመጡ ግን ጾሙን ቤቱ አይጾምልዎትም፤ ብቻዎን ነዎት።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲዘረዝር ለተራበ መቁረስን፣ ስደተኛን ማስገባትን፣ የታረዘን ማልበስን ይናገርና መጨረሻ ላይ «ከሥጋ ዘመድህ እንዳትሸሽግ» ይላል። ጾምን በሚያስተምረው ምዕራፍ ውስጥ ነው ይህ ቃል ያለው። እናቴ፣ አምና የተሸሸጉት ከማን ነበር? ከገዛ ልጅዎ አይደለም? ሕፃን ልጅ ደግሞ የተዘጋ በር ሲያይ «አያቴ እየጸለየች ነው» አይልም፤ «አያቴ ተቀየመችን» ነው የሚለው። የራቁዎት ለዚህ ነው።

አሁን የጾሙን ባለቤቶች ያስቡልኝ። ጾሙ የነቢያት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ደግሞ የእርስዎ እኩያ የሆነች አንዲት ነቢይት አለች፤ የፋኑኤል ልጅ ሐና። ባሏ የሞተባት፣ 84 ዓመት የተጻፈላት፣ በጾምና በጸሎት ከመቅደስ የማትለይ እናት ናት። ሕፃኑን ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ ባመጡት ሰዓት ግን ምን አደረገች? ቀረበች፣ እግዚአብሔርን አመሰገነች፣ ለሚጠባበቁትም ሁሉ ስለ እርሱ ተናገረች። ጾሟ ዓይኗን ከፈተላት እንጂ አፏን አልዘጋውም። የእርስዎም ልጆች የልደቱን ነገር የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት የልጁን እምነት ሲያመሰግን አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ ነበረ ይላል። ሎይድ በሯን ዘግታ ብትኖር ጢሞቴዎስ ከማን ይሰማ ነበር?

«የእነሱን በዓል ማክበር አይሆንብኝም?» ላሉት፣ አማቾችዎ የሚያከብሩት የዚያኑ በቤተ ልሔም የተወለደውን የክርስቶስን ልደት ነው። በሌላ ነገር የሚለየን አለ፤ ቀኑ ግን የሃይማኖት ልዩነት አይደለም። እስከ 1582 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ድረስ የእነሱ ዲሴምበር 25 እና የእኛ ታኅሣሥ 29 በአንድ ቀን ይውሉ ነበር። በዚያ ዓመት የሮሙ ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ ካሌንደሩን አሻሽለው 10 ቀን ዘለሉ፤ ልዩነቱ እያደገ ዛሬ 13 ቀን ሆኗል። የግሪክ ኦርቶዶክሶች እንኳ ዛሬ በዲሴምበር 25 ያከብራሉ፤ ግብፆች፣ ሩሲያውያንና ሰርቦች ከእኛ ጋር በጃንዋሪ 7። ስለዚህ «እንኳን አደረሳችሁ» ቢሏቸው፣ ስጦታም ቢቀበሉ ከሃይማኖትዎ ምንም አይጎድልም።

ግን አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ ይህን ሰምቶ ሌላ መንገድ የሚወጣ ሰው አለና። «እዚህ አገር ገና ደርሷል» ብሎ ታኅሣሥ 16 ላይ ጾሙን የሚፈታ፣ ደግሞ በ29 እንደ ጾመኛ የሚፈስክ ብዙ ወጣት አውቃለሁ። ይህ አይገባም። ቤተ ክርስቲያን የሠራችው ጾም በሰው ግብዣ አይፈታም። ይቀመጡ ስል ይብሉ ማለቴ አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያድርጉ። ከዋዜማው ጀምረው የራስዎን ድስት ይጣዱ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ የሚበቃ ይሁን፤ ማዕዱ መሀል ይቀመጥና አማቾችዎም ይቅመሱት። ዕቃው ሥጋ ነክቷል ብለው አይጨነቁ፤ በሚገባ ከታጠበ ይበቃል። ማዕዱ ከ9 ሰዓት በፊት ከቀረበ ሳይቀምሱ ይቀመጡ፤ ወይም ልጅዎ ሰዓቱን ትንሽ ትግፋው። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን የጾሙን ሰዓት ንስሐ አባትዎ ይወስኑልዎ፣ እርስዎ አይወስኑ። ሰው ሳያውቅ ቅቤ የገባበት ነገር ቢሰጥዎና ቀምሰው ቢያውቁት አይደንግጡ፤ ለንስሐ አባትዎ ነግረው ይለፉት።

ፊትዎን ፈካ ያድርጉት። ጌታ በማቴዎስ 6 ስትጦም ፊትህን ታጠብ ያለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። የሥጋው ሳህን ሲያልፍ አፍንጫ መያዝ፣ ማማተብ፣ «እኔ እንኳ ጾመኛ ነኝ» እያሉ መደጋገም አይሁን። «የሚበላ የማይበላውን አይናቀው፤ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ» የሚለው የሮሜ 14 ቃል እኩሌታው ለእነሱ፣ እኩሌታው ለእርስዎ ነው። ሕፃናቱ «ለምን አትበይም?» ሲሉ «የጌታን ልደት እየጠበቅሁ ነው፤ 13 ቀን ቀረኝ» ይበሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አብረዋቸው ይቁጠሩ። 28 ሲደርስ «ቤዛ ኩሉ» በላሊበላ ቤተ ማርያም እንዴት እንደሚዘመር፣ እርስዎ ልጅ ሳሉም ወንዶቹ ሩሩን እንዴት እያሳደዱ ገና እንደሚጫወቱ ይንገሯቸው። ልጅ ቀን እየቆጠረ የጠበቀውን በዓል አይረሳውም።

የሚቀጥለውን ለልጅዎ ያንብቡላት።

ልጄ ሆይ፣ ስለ አምናው ማልቀስሽ ይገባኛል። ነገር ግን እናትሽ በእናንተ በዓል ቀን ማዕድ ላይ እንድትቀመጥ እንደፈለግሽ ሁሉ እሷም በጃንዋሪ 7 የሚቀመጥላት ትፈልጋለች። ቀኑ በአብዛኛው የሥራ ቀን ነው። አንቺ ቢሮ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ውለው እሷ ብቻዋን ዶሮ ወጥ ሠርታ የምትጠብቅበት ቤት ስንት እንደሆነ ባየሽ! የዓመት ፈቃድሽን ከአሁኑ ጠይቂ። ለልጆቹ ትምህርት ቤትም ቀደም ብለሽ በጽሑፍ አስታውቂ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለሃይማኖት በዓል መቅረትን ይፈቅዳሉ። በዋዜማው ሌሊት ወደ ቅዳሴ የሚያደርሳት ሰው ይኑር፤ አንቺ ባትችዪ ባልሽን ለምኚው። እንደ እናቱ የሚያያት ከሆነ እንቢ አይልሽም። እሷን አድርሶ እንዳይመለስ፤ ጋቢ አልብሳችሁት ከጎኗ ይቁም።