ክፍት ቦታን መናፈሻ ማድረግ፦ ማዘጋጃ ቤቱን ምን ብሎ መጠየቅ?

ሰላም ወንድሜ። «ቀበሌያችን ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታ መናፈሻ ለማስደረግ ማዘጋጃ ቤቱን ምን ብለን እንጠይቅ? ቀድመው የተሠሩትስ ለምን በዓመታቸው ደረቁ?» ነው ያልኸው። ከሁለተኛው ልጀምር፤ የመጀመሪያው መልስ እዚያው ውስጥ አለና።

የጎጃም መናፈሻ በክረምት አይሞትም። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ራሱ ያጠጣዋል። የሚሞተው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው። አጥሩ፣ የእግር መንገዱ፣ መቀመጫውና ፏፏቴው የሚሠራው በካፒታል በጀት ነው። የጥበቃው፣ የአትክልተኛውና የውሃው ክፍያ ግን የሚወጣው ከመደበኛ በጀት ነው። ኮንትራክተሩ አስረክቦ ሲሄድ በመደበኛው በኩል ለዚያ ቦታ የተያዘ ብር ከሌለ፣ መናፈሻው ባለቤት አጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን «ሥሩልን» ብላችሁ አትጀምሩት፤ «ለዓመታዊ እንክብካቤው ይህን ያህል ይያዝለት» ከሚለው ጀምሩ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከክልል የሚመጣው ድጎማ በአብዛኛው ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰሉት ሥራዎች ደመወዝ ይሄዳል። መናፈሻ የማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎት ነው፤ የሚሸከመውም ከተማው ራሱ የሚሰበስበው ገቢ ነው፦ ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያ። ሊዝ ደግሞ ጨረታ በወጣበት ዓመት ይሞላል፣ በሌላው ይጎድላል። በሊዝ ገቢ ላይ የተንጠለጠለ የአትክልተኛ ደመወዝ አይዘልቅም። ለግንባታው የከተሞች ልማት ፕሮግራም ድጋፍ ካለ ቦታው በከተማው የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት፤ እዚያ ያልተጻፈ ፕሮጀክት ገንዘብ ቢመጣም አይደርሰውም። ከተማችሁ በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት (ድሃ ነዋሪዎች በአካባቢ ሥራ ተሰማርተው ክፍያ በሚያገኙበት ፕሮግራም) ውስጥ ካለች ለቁፋሮ፣ ለአረምና ለጽዳት ጥሩ የሰው ጉልበት ታገኛላችሁ። ነገር ግን ያ ጉልበት የውሃ ሂሳብ አይከፍልም፤ ተጠቃሚዎቹም ጊዜያቸው ሲደርስ ተመርቀው ይወጣሉ።

ከገንዘቡ በፊት ግን መሬቱ። ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ (የከተማው መሬት ለምን እንደሚውል በሚያሳየው ፕላን) ላይ አረንጓዴ ተብሎ መቀለሙ ብቻውን አያድነውም። የከተሞቻችን መመዘኛ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል ነው፤ መሬት ላይ የምናየው ሌላ ነው። በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው። ክፍት ቦታ በብዛት የሚጠፋው በክለሳው ወቅት ነው፤ አጥር የለውም፣ ካርታ የለውም፣ «ባዶ ነው» ይባላል። ስለዚህ በማዘጋጃ ቤቱ ስም ሳይት ፕላንና የይዞታ ማረጋገጫ እንዲወጣለት፣ ችካልም እንዲተከልበት በጽሑፍ ጠይቁ። ይህ ከፏፏቴ ይበልጣል፤ ወጪውም ትንሽ ነው።

አሁን ውሃ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሳሳተው ነገር ይህ ስለሆነ ስሌቱን አብረን እንየው። ሣር በበጋ በቀን በካሬ ሜትር 4 ሊትር ያህል ይፈልጋል። 2,000 ካሬ ሜትር ሣር ብትዘረጉ በቀን 8 ሜትር ኩብ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት 180 ቀናት 1,440 ሜትር ኩብ ይሆናል። 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 144 ምልልስ ማለት ነው። በምትኩ 100 ችግኝ ተክላችሁ ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ብታጠጡ በ26 ሳምንት 104 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ ከ11 ቦቴ አይበልጥም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሰፊ ሣር መዘርጋት ስህተት ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ሣር ከፈለጋችሁ በመግቢያው አካባቢ ጥቂት፣ እሱም ሰርዶ፤ ሰርዶ በበጋ ቢደርቅም ዝናብ ሲነካው ይመለሳል። የውሃ አገልግሎቱ የራሱ ሂሳብ ያለው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ማዘጋጃ ቤቱን እንደማንኛውም ደንበኛ ያስከፍለዋል። ሂሳቡ ካልተከፈለ ይቆርጣል። ለመናፈሻው የራሱ ቆጣሪ ይግባለት፤ ከሌላ ቢሮ ጋር የተቀላቀለ ቆጣሪ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ አያሳይም። ከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነበት ቦታ የእጅ ጉድጓድና ትንሽ ፓምፕ ይሻላል።

ባሕር ዳር ወይም ሌላ የጣና ዳር ቦታ ላይ ከሆናችሁ ማዳበሪያ ወደ ሐይቁ የሚታጠብበት አትክልት አታድርጉ። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም የሚፋፋው በዚያ ማዳበሪያ ነው።

የጊዜ ሰሌዳውም ራሱን የቻለ ችግር አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ተከላውም ሐምሌ ነው። አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ተከፋፍሎ፣ ግዢ ተፈጽሞ ችግኝ እስኪመጣ ዝናቡ ያልቃል። ስለዚህ ችግኙ በሚያልቀው ዓመት በጀት ይገዛ ወይም ይፈላ፤ ጉድጓዱም ግንቦት ላይ በዚያው በጀት ይቆፈር፤ ለሐምሌ የሚቀረው መትከል ብቻ ይሁን። ዝግባና ወይራ ቀርፋፋ ናቸው፤ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ቆየት ያለውን ምረጡ። ጉድጓዱ ወርድም ጥልቀትም 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የላይኛው አፈር ለብቻ ይቀመጥና ወደ ሥሩ ይመለስ፣ ፕላስቲኩም ሳይወልቅ እንዳይተከል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ይተኛል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ጉብታ ሠርቶ እዚያ ላይ መትከል ነው። ባሕር ዛፍንና የአዊ ዞን ገበሬዎች የሚተክሉትን ዲከረንስ የተባለ የግራር ዝርያ ለማገዶና ለከሰል ተዉት፤ ለመናፈሻ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ለጥላ ቶሎ እንዲደርስ ደግሞ ግራቪሊያ ይሻላል።

ጥበቃ ላይ አትሳሳቱ። አንድ የጥበቃ ቦታ ሌት ተቀን ሲያዝ በሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ ሰው በሳምንት 48 ሰዓት ቢሠራ 3 ሰው አይሞላውም፤ 4 ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ 2 ሰው ይቀጠርና ሌሊት ክፍት ሆኖ ያድራል፤ በማግስቱ የመብራቱ ገመድ የለም፣ በገበያ ቀን ደግሞ አህያና ፍየል ችግኙን ይጨርሰዋል።

እንክብካቤውን ለወጣቶች ኢንተርፕራይዝ መስጠት ጥሩ መንገድ ነው፤ ውሉ በደንብ ከተጻፈ። ክፍያው በሰው ቁጥር አይሁን፤ በሚንከባከቡት ካሬ ሜትርና በቆጠራ በተገኘ የጸደቀ ችግኝ ይሁን። የደረቀውን ማን እንደሚተካ ይጻፍ። ውሉም ሰኔ 30 አብቅቶ እስከ መስከረም ባዶ እንዳይቀር፤ አረም እንደ ልቡ የሚበቅለው በእነዚያ ወራት ነው።

«የመግቢያ ክፍያ ራሱን ያስተዳድረዋል» የሚላችሁ ሰው ካለ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ገንዘቡ የት ነው የሚገባው? በደረሰኝ የተሰበሰበ ብር ወደ ከተማው ግምጃ ቤት ይገባል። ምክር ቤቱ ደንብ አውጥቶ ለመናፈሻው እንዲውል ካልወሰነ በቀር አይመለስም። ለቡና ቤትና ለጁስ ቤት የሚከራይ ቦታ፣ በጥርና በሚያዝያ ለሠርግ ፎቶ የሚመጣው ሰው ክፍያ፣ ሁሉም ገቢ ነው፤ ተመልሶ እዚያው የሚውልበት ውሳኔ ግን አስቀድሞ ይውጣ። መግቢያውንስ ለሕፃናትና ለአረጋውያን በነፃ አድርጉት፤ የሕዝብ ቦታ ነውና።

ደብዳቤውን የበጀት ዝግጅቱ ሳያልቅ፣ ከየካቲት ሳያልፍ፣ በቀበሌ በኩል ለውበትና አረንጓዴ ልማት ክፍሉና ለገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ አስገቡ። ውስጡ የቦታው ካሬ ሜትር፣ የይዞታ ማረጋገጫ ጥያቄ፣ የ4 ጥበቃ ደመወዝ (በበጀት ኮድ 6113 የኮንትራት ሠራተኛ ወይም በ6114 የቀን ሠራተኛ መደብ)፣ የጥገና ብር (በበጀት ኮድ 6245)፣ የውሃ ቆጣሪና በሜትር ኩብ የተሰላ የበጋ ውሃ ይኑርበት። አንዱን ቅጂ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ።