ቅኝት የማትይዝ አሮጌ ኡኩሌሌ፦ መቃኛዋን በምን ልተካው?

ጥያቄ፦ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ የገዛኋት ሶፕራኖ (ትንሿ ዓይነት) ኡኩሌሌ፣ ማለትም ጊታር መሰል ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ አለችኝ። መቃኛዎቿ ጥርስ (ማርሽ) የሌላቸው፣ ከራሷ ጀርባ ቀጥ ብለው የሚወጡ ናቸው። ሁለቱ ይንሸራተታሉ፣ የአንዱ እጀታ ተሰንጥቋል። በርካሽ የጊታር መቃኛ ላስገጥምላት አስቤያለሁ። ያስኬዳል? (አንባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ያስኬዳል፣ ግን አንመክርም። ከዚያ በፊት ጥፋቱ የመቃኛው መሆኑን ያረጋግጡ። ክሩን ቃኝተው ከእጀታው ወደ ኡኩሌሌዋ ራስ እንጨት የሚዘልቅ ቀጭን መስመር በእርሳስ ያስምሩ። በማግስቱ ድምፁ ወርዶ መስመሩ ከተዛነፈ መቃኛው ተንሸራቷል። መስመሩ እንዳለ ሆኖ ድምፁ ብቻ ከወረደ የላላው ክሩ ነው፤ አዲስ የናይለን ክር ለቀናት መሳሳቡ ያለ ነው።

መቃኛው ከሆነ እጀታው ጫፍ ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ያጥብቁ። ካልያዘ ሌላ ሩብ ዙር ይጨምሩ፣ ከዚያ ያቁሙ። የፕላስቲክ እጀታ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ብሎኗ ከልክ በላይ ስትጠብቅ ነው። አሁንም ከተንሸራተተ ይፍቱት። ይህ ዓይነቱ መቃኛ ክሩን የሚይዘው በሰበቃ ብቻ ስለሆነ ሮንዴላው ካለቀ ወይም ዘይት ከነካው አቅም የለውም። አልኮል በነካ ጨርቅ ይጥረጉትና መልሰው ይግጠሙ። ሲጠጥርባቸው ዘይት ጠብ የሚያደርጉበት ሰዎች አሉ፤ ዘይት ለጥርስ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

መግዛት ግድ ከሆነ ቀድመው ይለኩ፦ የቀዳዳውን ስፋት ከፊትም ከኋላም፣ የኡኩሌሌዋን ራስ ውፍረት፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀት። ካሊብሮ ከሌለዎት የፑንታ ጀርባ እያስገቡ ይሞክሩ፤ ሳይወዛወዝ የገባው ቁጥር ልኩ ነው። የፊቱና የኋላው ስፋት ከተለያየ ቀዳዳው የተሠራው እንደ ቫዮሊን ላለ ሾጣጣ የእንጨት መቃኛ ነበር ማለት ነው። ቀጥ ያለ ብረት እዚያ ውስጥ ይወዛወዛል።

የጊታር ዓይነቱ ርካሽ ነው፣ ቅኝቱም ይቀላል፤ እጀታው 14 ጊዜ ገደማ ሲዞር ዘንጉ አንዴ ነው የሚዞረው። ዘመናዊ ክራር ላይ ተገጥሞ ያየ ሰው ቢያምረው አይፈረድበትም። ሶፕራኖ ግን እጅግ ቀላል ናት፤ ራሷ ላይ ብረት ሲበዛ ስትጫወቱ አንገቷ ወደ ታች ያደላል። ለብሎኖቹም አዲስ ቀዳዳ መብሳት ሊኖርብዎት ነው። ጥርሱ ዘንጉ ውስጥ የተደበቀ፣ 4 ለ 1 የሚዞር መቃኛም አለ። መልኩ ከአሮጌው አይለይም፣ አያያዙም ከሁሉ ይበልጣል፤ ዋጋው ግን የተራውን ብዙ እጥፍ ነው፣ ብዙ ጊዜም ቀዳዳ ማስፋት ይጠይቃል። ለእርስዎ ኡኩሌሌ የምንመርጠው ጥርስ የሌለውን፣ የብረት ዘንግና ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ የብረት ቀለበት ያለውን ነው። ለማጥበቅ ጣት ለስለስ ይበል፤ እጀታውና ዘንጉ እኩል ስለሚዞሩ ትንሽ ንክኪ ድምፁን ብዙ ያስኬደዋል።

ሲገጥሙ ቀለበቱን በመዶሻ አይምቱት፤ አሮጌ እንጨት በቀላሉ ይተረተራል። ቀዳዳው ትንሽ ከጠበበ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለው ቀስ እያሉ ያስፉት። ትራፓኖ አያስገቡ፣ ፑንታው ይነክስና የቀዳዳውን ከንፈር ይገነጥለዋል። ትንሽ ከሰፋ ስስ የእንጨት ልጣጭ በኮላ ይለጥፉበት። በጣም ከሰፋ በክብ እንጨትና በኮላ ደፍነው፣ አንድ ቀን አድርቀው፣ እንደ አዲስ ይብሱት።

ጥያቄ፦ ራሷ ላይ «ካማካ» የሚል ጽሑፍ ያላት አሮጌ ኡኩሌሌ ብትሆንስ?

መልስ፦ እንጨቷን አይንኩ። ካማካ ከ1916 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሆኖሉሉ ውስጥ ኡኩሌሌ የሚሠራ ቤት ነው፤ አሮጌዎቹን የሚሰበስብ ሰው አለ፣ የሰፋ ቀዳዳም ዋጋ ይቀንሳል። በነበረው ቀዳዳ የሚገባ መቃኛ ብቻ ይግጠሙ፤ የወጡትን አራቱንም ከነብሎናቸው በከረጢት አድርገው ከሳጥኗ ጋር ያኑሩ።

ጥያቄ፦ የእኔ የእንጨት መቃኛ አንዴ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ይላል፣ አንዴ ድንገት ይለቃል።

መልስ፦ አውጥተው እንጨቱ የሚያብለጨልጭበትን ቦታ በደረቅ ሳሙና አንዴ፣ በጠመኔ ሁለቴ ያሹት። ሳሙናው ያስኬዳል፣ ጠመኔው ያስይዛል። መልሰው ሲያስገቡ እያዞሩ ወደ ውስጥ ይግፉት። ክሩንም ከመቃኛው ወፍራም ጫፍ ጎን፣ ወደ ኡኩሌሌዋ ራስ እንጨት ጠጋ አድርገው ይጠቅልሉት፤ ያኔ ክሩ ራሱ መቃኛውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።