የአማርኛና የላቲን ፊደል በአንድ ፎንት ውስጥ

አንድ የመጽሔት ገጽ አዘጋጅ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የአማርኛ ፎንቴንና የመረጥኩትን የላቲን ፎንት በፎንትፎርጅ (በነጻ የፎንት ማረሚያ ፕሮግራም) አዋሃድኳቸው። ፋይሉን ሳወጣው ግን ላቲኑ ያው የድሮው ነው።»

ፎንትፎርጅ ሲያዋህድ ከሁለተኛው ፎንት የሚወስደው በመጀመሪያው ውስጥ የሌለውን ፊደል ብቻ ነው። ብዙ የአማርኛ ፎንት ደግሞ የራሱ ላቲን አለው። ስለዚህ የአማርኛውን ቅጂ ይክፈቱና የላቲኑን ፊደላትና ቁጥሮች መርጠው «ኢንኮዲንግ» ከሚለው ሜኑ «ዲታች ኤንድ ሪሙቭ ግሊፍስ» ይበሉ። ስፔሱን አይንኩት፤ የቃላቱ ክፍተት ለአማርኛው የተለካ ነው።

ማዋሃዱ ግን ገና ነው። «ኤለመንት»፣ ከዚያ «ፎንት ኢንፎ»፣ ከዚያ «ጄኔራል» ገብተው የሁለቱንም «ኤም ሳይዝ»፣ ማለትም ፊደሉ የሚሳልበትን ሳጥን ልኬት፣ ያስተያዩ። ትሩታይፕ የሚባለው የፎንት ፋይል ዓይነት ብዙውን ጊዜ 2048 ነው፣ የፖስትስክሪፕት ቅርጽ ያለው ኦፕንታይፕ ደግሞ 1000። የላቲኑን በአማርኛው ልክ ሲያደርጉ «ስኬል አውትላይንስ» ላይ ምልክት መኖሩን ያረጋግጡ። ከሌለ ቁጥሩ ብቻ ይቀየርና፣ ለምሳሌ ላቲኑ 1000 አማርኛው 2048 ከሆነ፣ ላቲኑ ከሚገባው መጠን ከግማሽ በታች ሆኖ ይወጣል።

ቁጥሩ እኩል ሆነ ማለት ግን ለዓይን ገጠመ ማለት አይደለም። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ የላቲኑ ካፒታል ከ«በ» ከበለጠ በአንቀጽ መሐል ይጮኻል። እኔ ካፒታሉን ከ«በ» እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ። ለዚህ ላቲኑን ሁሉ መርጠው «ትራንስፎርም» ውስጥ «ስኬል ዩኒፎርምሊ» 94 በመቶ ብለው ይሞክሩ። መነሻው «ግሊፍ ኦሪጅን» ይሁን። «ሴንተር ኦቭ ሴሌክሽን» ከሆነ እያንዳንዱ ፊደል ወደ መሐሉ ስለሚሰበሰብ እግሩ ከመስመሩ ይነሳል። ከ90 በመቶ በታች መውረድ ካስፈለገ ይተዉት፤ የፊደሉ ግንድ (ቋሚ መስመሩ) ይቀጥንና ከአማርኛው ጎን የገረጣ ይመስላል። ያኔ ሚዲየም ክብደት ያለው፣ ማለትም መስመሩ ትንሽ ወፈር ያለ፣ ላቲን ይሻላል።

አሁን የአማርኛውን ከፍተው «መርጅ ፎንትስ» ይበሉ። ቀጥሎ «ፎንት ኢንፎ» ውስጥ «ኦኤስ ቱ» ከሚለው ስር «ሜትሪክስ» ይግቡ። «ዊን አሴንት»ና «ዊን ዲሴንት» (ከመስመሩ በላይና በታች ያለው ቦታ) ከሁለቱ ፎንቶች ትልቁን ዋጋ ይያዙ፣ አለዚያ ዊንዶውስ ላይ የረጃጅሞቹ ፊደላት አናት ሊቆረጥ ይችላል።

ስሙን «ፒኤስ ኔምስ»ም «ቲቲኤፍ ኔምስ»ም ላይ ይቀይሩ። ካልቀየሩ ኮምፒውተሩ ቀድሞ የተጫነውን ያሳይዎትና ሥራዎ ያልተሳካ ይመስልዎታል። ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በሚባለው ነጻ ፈቃድ የወጡ ፎንቶች ማዋሃድን ይፈቅዳሉ፤ ስማቸው የተጠበቀ ከሆነ ግን በዚያው ስም ማሰራጨት ክልክል ነው፣ የሚወጣውም ፎንት በዚያው ፈቃድ ስር ይቆያል። የተገዛ ላቲን ከሆነ ውሉን ሳያነቡ አይንኩት።