ከኮርቻ ላይ ሆነሽ አትጨቃጨቂ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስሜን አያውጡብኝ። በሌሙና ቢልቢሎ ወረዳ በአንድ ገጠር ቀበሌ የምሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ከቤቴ እስከ ጤና ኬላው ስምንት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፈረስ የምጋልበው አምሮኝ አይደለም፤ በዚያ በኩል የሚሄድ መኪና ስለሌለ ነው። ፈረሱ የአባቴ ነበር። ዳማ ሰንጋ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱን ይዟል። ከመንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህሉ በአስፋልቱ ዳር ነው። መከራዬ እዚያ ላይ ነው።

ድንች የሚጭን አንድ የአይሱዙ ሹፌር አለ። ከኋላዬ ቀስ ብሎ ይመጣና ልክ አጠገቤ ሲደርስ ክላክሱን ይለቀዋል። ፈረሴ ሲደነብር ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይስቃል። ባለፈው ወር ወድቄ ክንዴ ተላጠ። ሻይ ቤት አግኝቼው ምን አደረግኩህ ብለው፣ «መንገዱ የመኪና ነው። ደግሜ ካገኘሁሽ ከነፈረስሽ ነው የምደፈጥጥሽ» አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ። በዚያ ላይ ሁለት ጎረምሶች በሞተር ሳይክል እየተከተሉ ያፏጩብኛል። አንዴ አንደኛው የፈረሴን ታፋ በጥፊ መታው። እናቴ «ይቅርብሽ፣ በእግርሽ ሂጂ» ትላለች። ወንድሜ ዱላ ይዤ መንገድ ልጠብቀው እያለ ነው። ምን ይሻለኛል?

ባለ ዳማዋ፣ ከአርሲ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ግራ ትከሻዬን እየዳበስኩ ነው ያነበብኩት። እዚያ ያለው አጥንት በ1979 ዓ.ም. ተሰብሮ፣ ወጌሻ አስሮልኝ፣ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። ያኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ ክትባት በፈረስ ጭኜ ካንቺ አገር ብዙም በማይርቅ መንገድ ስሄድ አንድ የሕዝብ አውቶቡስ ፈረሴን አስደነበረብኝ። እኔ ቦይ ውስጥ፣ ፈረሱ የሰው ገብስ ውስጥ፣ የክትባቱ ሳጥን መንገድ መሃል። ዓለም ከደስታ ነፃ መሆኗ በ2003 ዓ.ም. ሲታወጅ ሰው ሁሉ ሲደሰት፣ እኔ ትዝ ያለችኝ ያቺ ሳጥን ነበረች።

ስለዚህ ይቅርብሽ አልልሽም። እናትሽ ፈርተው ነው፤ አይፈረድባቸውም። ግን ስምንት ኪሎ ሜትር በእግሯ የምትሄድ ልጅ ከፈረሰኛዋ የባሰ ለጎረምሳ ትመቻለች። ወንድምሽንም እንደምንም ብለሽ ያዢው። ዛሬ ከሳሽ አንቺ ነሽ። እሱ ዱላ ባነሳ ማግስት ተከሳሾች እናንተ ትሆናላችሁ፤ ሹፌሩም ጭንቅላቱን በፋሻ ጠቅልሎ ይመጣል።

አሁን ወደ ነገሩ። ሁለት ነገር ተደባልቆብሻል። የሹፌሩ ዛቻ አንድ ነው፤ የፈረስሽ ድንጋጤ ሌላ ነው። ዛቻው ወርደሽ፣ በእግርሽ ቆመሽ፣ ምስክር ባለበት የምትጨርሽው ጉዳይ ነው። ድንጋጤውን ደግሞ ሹፌሩ የትም በሌለበት ቀን ከፈረስሽ ጋር ብቻችሁን ትሠሩበታላችሁ። አይሱዙው አጠገብሽ ሲደርስ ግን አንድም ቃል ከአፍሽ አይውጣ። አትሳደቢ፤ አለንጋም አታንሺ፤ ስልክ አውጥተሽ ልቅረጽህም አትበዪው። ከኮርቻ ላይ የተጣላ ሰው ሁለት እጁ ሥራ ይፈታል። ፈረሱም የተቆጣሽው በሱ ይመስለዋል።

ከፈረሱ ልጀምር፤ የምችለውም እሱን ነው። የፈረስ ዓይን ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆነ ዙሪያውን ሁሉ ያያል ማለት ይቻላል፤ ከ360 ዲግሪ 350ውን ይደርሳል። የማያየው ልክ ግንባሩ ሥርና ልክ ከጭራው ኋላ ያለውን ነው። አይሱዙው የሚመጣው ደግሞ ከጭራው ኋላ ነው። ፈረስ መጀመሪያ ይሮጣል፤ ምን እንደነበረ የሚያጣራው ከሮጠ በኋላ ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ ቆመው ቢያጣሩ ኖሮ ጅብ ይጨርሳቸው ነበር። ስለዚህ «ፈሪ ነው» ብለሽ አትምቺው።

ጆሮውን እዪ። አንቺ ሞተሩን ከመስማትሽ በፊት አንዱ ጆሮው ወደ ኋላ ይዞራል። ምልክቱ እሱ ነው። ያን ጊዜ ከአስፋልቱ ውረጂ፤ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጊና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሪው። የሚመጣውን በሁለት ዓይኑ ይየው። ያየውን ነገር ፈረስ ይችለዋል። ታፋውን ለመንገዱ ሰጥተሽ ግን በጭራሽ አትቁሚ።

ከደነበረ በሁለት እጅሽ ዛቡን፣ የልጓሙን ጠፍር ማለቴ ነው፣ አትጎትቺ። ሁላችንም የምንሠራው ስህተት ነው። በሁለት እጅ ስትስቢው ልጓሙ ላይ ይደገፍና ይብስበታል። በአንድ እጅሽ ጋማውን ያዢ፤ በሌላው አንዱን ዛብ ብቻ ወደ ጉልበትሽ ሳቢው። አንገቱ የተጠመዘዘ ፈረስ ቀጥ ብሎ መጋለብ አይችልም፤ ይዞራል። ሁለት ሦስቴ ይዙርና ይቆማል። ይህን ግን መጀመሪያ ሜዳ ላይ በእርምጃ ተለማመጂው። የመጀመሪያውን ሙከራ አስፋልት ላይ ካደረግሽ ትወድቃላችሁ። እርጥብ አስፋልት ለሰኮና ሳሙና ነው።

እርካብሽስ እንዴት ነው? አልጻፍሽልኝም። የጥንቱ የአገራችን እርካብ በአውራ ጣት የሚያዝ ትንሽ ቀለበት ነበር። ባዶ እግሩን ለሚጋልብ ድንቅ ነገር ነው፤ ስትወድቂ ጣትሽ ወዲያው ይወጣል። ቦቲ ላደረገች የጤና ሠራተኛ ግን ሰፊ ያስፈልጋታል። ጫማሽ ገብቶ በሁለቱም በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። እግሩ እርካብ ውስጥ ቀርቶ የተጎተተ ሰው አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ለሳምንት እህል አልቀመስኩም።

ከዚያ ማለማመድ ነው። ባጃጅ ወይም ፒክአፕ ያለው ዘመድ አይጠፋሽም። እሑድ ከሰዓት ሜዳ ላይ ያቁምልሽ፤ ሞተሩ ይጥፋ። ፈረስሽ መኪናው አጠገብ ገብሱን ይብላ። በሌላ ቀን ሞተሩ ተነሥቶ ይብላ። በሌላ ቀን መኪናው በዝግታ ይለፈው። ክላክሱ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ እሱም ከመቶ ሜትር ላይ፣ አጠር ብሎ። አሸተት፣ አየት አድርጎ ወደ ገብሱ ሲመለስ ትንሽ ትቀርቢያለሽ። ካልበላ ትርቂያለሽ። አንዱ ፈረሴ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሌላው ዕድሜውን ሙሉ አልተማረም፤ ሸጥኩት። ያንቺ ዘጠኝ ዓመቱ ከሆነ ልብ የገዛበት ዕድሜ ነው፤ ተስፋ አለው። ኅዳር ሳይገባ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል። ኮምባይነሮቹ ወደ ስንዴው ሲንቀሳቀሱ መንገዱን ሞልተው ነው የሚመጡት። ከኮምባይነር ጋር የታረቀ ፈረስ አይሱዙን ዞር ብሎም አያየው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። መንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ግዢ። የነሐሴ ጭጋግ ከካካ ተራራ ሲወርድ ዳማ ፈረስ አሥር እርምጃ ላይ አይታይም። ሹፌሩም «አላየኋትም» የሚለው ሰበብ ይቀርበታል።

ወደ ሰውየው እንምጣ። ዛሬ ማታ ደብተር አውጪና ጻፊ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ሰሌዳውን ከነኮዱና ከነክልሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ማን ማን ነበር? «እደፈጥጥሻለሁ» ያለውን ቃል እንዳለ ጻፊው፤ አታሳምሪው። ሰሌዳውን መንገድ ላይ ለመያዝ አትጨነቂ፤ ድንች ሲጭን ቆሞ ታገኚዋለሽ።

ከዚያ የመኪናውን ባለቤት ፈልጊ። አብዛኛው የአይሱዙ ሹፌር የሰው መኪና ነው የሚነዳው። ባለቤቱ ነጋዴ ነው። ሹፌሩ በሰው ፊት የጤና ሠራተኛ በመኪናው እደፈጥጣለሁ ብሎ መዛቱን ሲሰማ እንቅልፍ አይወስደውም። ነገ አንድ ነገር ብትሆኚ መኪናው ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ እንደሚታሰር ያውቃል። ብቻሽን አትሂጂ፤ ሰውየው የሚያከብራቸውን ሁለት ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። እኔ እስከማየው ድረስ ግማሹ ጠብ እዚህ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ ሕግ አለ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 580 ስለ ዛቻ ነው የሚናገረው። ሰውን በከባድ ጉዳት አስፈራርቶ ያሸበረ ይቀጣል ይላል፤ ቅጣቱ የገንዘብ ወይም እስከ ስድስት ወር ቀላል እስራት ነው። ልብ በይ፣ ይህ በተበዳዩ አቤቱታ የሚታይ ጉዳይ ነው። አንቺ ካላመለከትሽ ማንም አይንቀሳቀስልሽም። ጊዜም አለው፤ ሦስት ወር። ሽማግሌው ነገ ዛሬ ሲል ሦስቱ ወር እንዳያልፍብሽ የሻይ ቤቷን ቀን በደብተርሽ ላይ ክበቢያት። መኪናውን ሆን ብሎ ወዳንቺ ማስጠጋቱንና መውደቅሽን ደግሞ ለየብቻ ተናገሪ። እሱ ከአፍ ያለፈ ነገር ነው። ለክንድሽ ጤና ጣቢያ ከታየሽ ወረቀቱን አምጪ። ካልታየሽ፣ አንቺው የጤና ሠራተኛ ሆነሽ፣ ምን ልበልሽ!

ለጤና ጣቢያው ኃላፊሽም በጽሑፍ አሳውቂ። መንገድ ላይ የምትገኚው ለሥራ ነው። ከመሥሪያ ቤት የሚሄድ አንድ ደብዳቤ ካንቺ አሥር ምልልስ ይበልጣል።

ጎረምሶቹ የተለየ ጉዳይ ናቸው። ከሞተር ሳይክል ልሽሽ ብለሽ እንዳትጋልቢ፤ አታመልጪም፤ ለነሱም ጨዋታ ይሆንላቸዋል። ወደ እርሻው ውረጂ፤ የታረሰ መሬት ሞተር አይወድም። ወይም የምታውቂው ሰው ግቢ ውስጥ ግቢ። ታፋውን የመታው ልጅ ደግሞ ዕድለኛ ነው። ፈረስ ከኋላው ያላየውን ነገር በእርግጫ ነው የሚጠይቀው። ጥርሱን ይዞ የሄደው ሰንጋሽ ጨዋ ስለሆነ ነው። ይህንኑ ለእናቱ ንገሪያት። የማን ልጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ገጠር ነው። እናትሽ ባለ ሲንቄ አይደሉም? በአርሲ ኦሮሞ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ያቺ በትር ለምን እንደሆነች ካንቺ በላይ እናትሽ ያውቃሉ። ሴት ተበደለች ተብሎ ሲንቄ ይዘው እናቶች ከወጡ ጥፋተኛው ክሶ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይመለሱም። እዚያ ድረስ ሳይደርስ፣ እናትሽ በትራቸውን ይዘው የልጁ ቤት ቡና ቢጠጡ ይበቃል ብዬ እገምታለሁ።

ሹፌሩ ዛቻውን ወደ ተግባር ሲያስጠጋ ካየሽ ግን ሽማግሌም ባለቤትም አትጠብቂ። 991 ደውዪ፤ ለወረዳው ትራፊክ ፖሊስም በዚያው ቀን ንገሪ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ደግሞ ያቺን ሦስት ኪሎ ሜትር ከሌላ ፈረሰኛ ጋር እለፊያት። በገበያ ቀን ጓደኛ አታጪም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በዚያኛው ወገን ነኝ። ከሻሸመኔ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ሮቤ የምመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ፤ ዕድሜዬ 34። ፈረሰኛው በየቦታው ነው። ክላክስ ባላደርግ ዘሎ ይገባብኛል፤ ባደርግ ይሰድበኛል። አንዳንዱ በአለንጋ መስታወቴን ይመታል። እርስዎ ሁልጊዜ ለፈረስ ነው የሚያደሉት። እኛስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ አደላለሁ። ዕድሜህን ስለነገርከኝ አንተ ልበልህ። መስታወት የሚመታ ፈረሰኛ ባለጌ ነው፤ ከዚያ በላይ አልከራከርለትም።

ክላክስ አድርግ፤ ግን ከሩቅ። ሁለት መቶ ሜትር ላይ አንዴ አጠር አድርገህ ነካ። ፈረሰኛው ዞር ይላል፤ ቦታ ይፈልጋል። አጠገቡ ስትደርስ እጅህ ከክላክሱ ይራቅ። ፍጥነትህን ቀንስ፤ ማርሽ አውርድና በዝግታ እለፍ፤ ከፊት መኪና ካልመጣ አንድ መኪና የሚያሳልፍ ያህል ራቅለት። ረዳትህ ጭነቱን የሸፈነበትን ሸራ በደንብ ይሰር። የሚርገበገብ ሸራ ለፈረስ ከክላክስ ይብሳል። ፈረሱ መዞር፣ መጨፈር ከጀመረ አትሽቀዳደም፤ ቁም። ካስፈለገ ሞተሩን አጥፋ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅብህ።

ስትቆም ግን ራቅ ብለህ ቁም። ከፈረስ አጠገብ ደርሰህ የአየር ፍሬኑን «ፍሽሽሽ» እንዳታስተነፍሰው። በ1979ኙ አውቶቡስ ላይ ሹፌሩ ክላክስ አላደረገም። ደግ ሰው ነበር፤ እኔን ሊያሳልፈኝ ብሎ ነው አጠገቤ የቆመው።