ሴንተር ሲመረጥ እጁን እዩ

ወንድሜ፣ «ቫይኪንጎች ከኮሌጅ ሴንተር ቢወስዱ ጥሩ መሆኑን በምን እናውቃለን? በሩጫ ሰዓቱ ነው ወይስ በኪሎው?» ብለህ ለጠየቅኸው ነው። ለማያውቅ፣ ቫይኪንጎች የሚኒሶታችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ናቸው፤ ሴንተር ደግሞ ከመስመሩ መሃል ቆሞ ኳሱን ወደ ኋላ ለኳርተርባኩ (ጨዋታውን ለሚመራው ኳስ አቀባይ) የሚለቅ ተጫዋች ነው። እዚህ ሴንት ፖል ሃይስኩል እያለሁ ሴንተር ሆኜ ተጫውቻለሁ፤ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ የመስመር ልጆችን አሠለጥናለሁ። ትንሽ ባስረዝመው አትፍረድብኝ።

ሰዓቱን ተወው። ትራቪስ ፍሬድሪክ 40 ያርዱን የጨረሰው በ5.56 ሰከንድ ነው፤ ካውቦይስ በ2013 ድራፍት (ቡድኖች በተራ ከኮሌጅ ተጫዋች የሚመርጡበት) በ31ኛ ምርጫ ሲወስዱት ብዙ ሰው ተቸ። እሱ ግን 5 ጊዜ ፕሮ ቦውል (የኮከቦች ጨዋታ) ገባ። ጄሰን ኬልሲ በ4.89 ሮጦ፣ ኪሎው አነሰ እየተባለ በ2011 እስከ 191ኛ ድረስ ስሙን የጠራ አልነበረም። ምን ዓይነት ድንቅ ሴንተር እንደወጣው መቼም አልነግርህም።

እኔ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። መስመሩ ላይ ካሉት አምስቱ፣ ጨዋታው ሲጀመር አንድ እጁ የተያዘበት ሴንተሩ ብቻ ነው። ኳሱን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ሲለቅ 150 ኪሎ የሚመዝን ኖዝ ታክል (ፊት ለፊቱ የሚቆመው ተከላካይ) ደረቱ ላይ ደርሷል። ቪዲዮውን ከጎል ጀርባ ከተቀረጸበት አቅጣጫ፣ ቀስ እያደረግህ እየው። ጥሩው ሴንተር ኳሱ ገና አየር ላይ እያለ እጁ ወደፊት ወጥቶ የሰውየውን ደረት ይዟል። ደካማው ኳሱን በዓይኑ ሊሸኝ አንገቱን ይደፋል፤ ወይም ያ እጁ ጉልበቱ አካባቢ ይቀርና በአንድ እጅ ለመግፋት ይሞክራል። ያኔ ወገቡ ቀና ይላል፣ እግሮቹ ይገጥማሉ፣ ኳርተርባኩ ላይ ተገፍቶ ይወድቃል። ልጆቼ ላይ በየሳምንቱ የማየው ይህንኑ ነው። የክንድ ርዝመትም ቢሆን ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ ታይለር ሊንደርባውም ክንዱ 32 ኢንች አይሞላም ተብሎ ስንት ተወራበት፣ ሬቨንስ በ2022 በ25ኛ ወስደውት አልተጸጸቱም።

ፍጥነት ብቻውን የት እንደሚያደርስ የእኛው ከነበረው ከጋሬት ብራድበሪ አይተናል። በ2019 በ18ኛ ሲመረጥ ቅልጥፍናው ልዩ ነበር፤ ሩጫው ወደ ጎን ሲሆን ላይንባከሩ (ከተከላካይ መስመሩ ኋላ የሚቆመው) ጋ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ከባድ ሰው ፊት ለፊት ሲመጣበት ግን ስንቴ ወደ ኋላ ተገፋ! ስለዚህ ልጁ ከትልልቅ ኖዝ ታክሎች ጋር የተጋጠመበትን ጨዋታ ፈልግ። ደካማ ቡድን ላይማ ሁሉም ጀግና ነው።

ከፊቱ ማንም ሳይቆም ሲቀር ደግሞ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ቆሞ ተመልካች ይሆናል። ጎበዙ በትከሻው ጋርዱን (ከጎኑ የሚቆመውን የመስመር ጓደኛውን) እያገዘ ዓይኑን ላይንባከሩ ላይ ይተክላል፤ ከኋላ ዞሮ የሚመጣ ተከላካይ ቢኖር ጋርዱን ትቶ እሱን ሊይዝ ይሄዳል። ትግል የተጫወቱ ልጆች እዚህ ላይ ይለያሉ፤ ሰው ክብደቱን ወዴት እንደጣለ በእጃቸው ያውቁታል። የስቲለርሱ ዛክ ፍሬዚየር በዌስት ቨርጂኒያ የሃይስኩል ትግል 4 ጊዜ ሻምፒዮን ነበር።

በሲኒየር ቦውል (ኮሌጅ የሚጨርሱ ልጆች የሚታዩበት ጨዋታ) ልምምድ አንድ ለአንድ ሲጋጠም ቢሸነፍ ግን አትደንግጥ። በጨዋታ ግራና ቀኙን ጋርድ አለለት፤ እዚያ ብቻውን ነው።

ጭንቅላቱን ከቲቪ ማወቅ ይከብዳል። ቢሆንም ከስናፑ፣ ማለትም ኳሱን ከመልቀቁ በፊት በጣቱ ወደ ማን እንደሚጠቁም፣ ተከላካዮቹ ቦታ ሲቀያይሩ ጥሪውን ይለውጥ እንደሆነ ተመልከት። በተለይ በሰው ሜዳ፣ ጩኸቱ ጆሮ ሲያደነቁር። በ2014ቱ ሱፐር ቦውል የብሮንኮስ የመጀመሪያ ስናፕ ኳርተርባካቸው ማኒንግ ጥሪ ሊቀይር ወደ መስመሩ እየተራመደ ሳለ በጭንቅላቱ በኩል አለፈ፤ በ12 ሰከንድ ሲያትል 2 ነጥብ አገኘ።

ቫይኪንጎች በመጀመሪያው ዙር ቢያልፉትም አልናደድም። በ2021 ፓከርስ በ62ኛ ጆሽ ማየርስን ወሰዱ፤ ቺፍስ ወዲያው በ63ኛ ክሪድ ሃምፍሪን። ግራኙ ሃምፍሪ 2 ሱፐር ቦውል በላ፣ ማየርስ ውሉ ሲያልቅ ወደ ጄትስ ሄደ። ዊስኮንሲን ያሉ የፓከርስ ደጋፊ ወዳጆቼ ይህን ሳነሳባቸው ወሬ ይቀይራሉ።