ኡሲክን ስታይ እግሩን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። “ዩክሬናዊው ቦክሰኛ ኦሌክሳንደር ኡሲክ ከእንግሊዛዊው ታይሰን ፉሪ በቁመትም በክብደትም ያንሳል፤ ታዲያ ሁለት ጊዜ እንዴት አሸነፈው? ደጋግሜ ባየውም አይገባኝም” ብለሃል። ስምንት ዓመት ቦክስ ሠርቻለሁ፤ አሁን ጀማሪዎችን አሰለጥናለሁ። ከዚያ ተነስቼ ልንገርህ።

ያልገባህ እጁን እጁን ስለምታይ ይመስለኛል። ሁላችንም የምንጀምረው እንደዚያ ነው። ዓይን ጓንት ይከተላል። የኡሲክ ሥራ ግን ቡጢው ሳይነሳ እግሩ ላይ ያልቃል።

ኡሲክ ግራኝ ነው። ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ይቆማል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ባላጋራው ደግሞ ግራ እግሩን ያስቀድማል። ስለዚህ የሁለቱ የፊት እግሮች ይገጥማሉ፣ አንዳንዴም ይረጋገጣሉ። ዋናው ትግል እዚያች ቦታ ላይ ነው። ኡሲክ ቀኝ እግሩን ከባላጋራው እግር ውጪ ካሳረፈ ለቀጥታ ግራው መንገድ ይከፈትለታል። የሰውዬው ከባድ ቀኝ እጅ ደግሞ ይርቀዋል።

ይህን የተማርኩት ከቪዲዮ አይደለም። መጀመሪያ ከግራኝ ጋር ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) የገባሁ ቀን፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ልጁ የፊት እግሬን ጣቶች ረገጠኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ። ቀና ሳልል ግራው አፍንጫዬ ላይ አረፈ። አሰልጣኜ ከገመዱ ውጪ ሆኖ “እግርህን ወደ ውጪ! ወደ ውጪ!” እያለ ይጮሃል። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

አሁን እ.ኤ.አ. በ2021 ለንደን ላይ ኡሲክ አንቶኒ ጆሽዋን ያሸነፈበትን ጨዋታ ክፈት። ድምፁን አጥፋው፤ ኮሜንታተር ዓይንህን ወደ ቡጢው ይጎትተዋል። አንድ ሙሉ ዙር ከጉልበት በታች ብቻ እይ። ቀኝ እግሩ በትንንሽ እርምጃ ወደ ውጪ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ጆሽዋ ቆሞ ለመምታት በተዘጋጀ ቁጥር ሰውየው የነበረበት ቦታ ላይ የለም።

ከዚያ ወደ ኡሲክ ቀኝ እጅ ና። ብዙው ጃቡ (በፊት እጅ የሚወረወር ፈጣን ቀጥታ ቡጢ) ለመጉዳት የሚወረወር አይደለም። የባላጋራውን የፊት ጓንት ነካ ነካ ያደርጋል፣ ዓይኑን ይሸፍንበታል፣ ፊንታ ይሠራል፣ ማለትም ሳይመታ የሚመታ ያስመስላል። ባላጋራው ግን የትኛው እውነት እንደሆነ ስለማያውቅ ለሁሉም መልስ መስጠት አለበት። አንድ ትልቅ ሰው እንዲህ 36 ደቂቃ ሲሠራ መጀመሪያ የሚደክመው ጭንቅላቱ ነው። “ኡሲክ ትንፋሽ ስላለው ነው” የሚሉ ሰዎች አሉ። ትንፋሹ አለው፣ ግን የሌላውን ትንፋሽ የሚያስጨርስበትንም መንገድ ያውቃል።

የማይነካ አድርገህ ግን አታስበው። በግንቦት 2024 ሪያድ ላይ ከፉሪ ጋር በገጠመበት የመጀመሪያ ጨዋታ መሃል ዙሮቹ የፉሪ ነበሩ። ፉሪ አፐርከት (ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ቡጢ) እየላከ ሆዱን መታው። ኡሲክ ሆዱ ላይ ሲመታ እግሩ ዝግ ይላል፤ ድክመቱ ያ ነው።

9ኛውን ዙር ግን ደጋግመህ እየው። ግራው ካረፈ በኋላ ፉሪ እግሩ ከዳው፣ ከገመድ ገመድ እየተላተመ ሄደ። ገመዱ ባይዘው ይወድቅ ነበር ብሎ የመድረኩ ዳኛ እንደወደቀ ቆጠረበት። ውጤቱን አስታውስ፦ ነጥብ ከሚሰጡት ሦስት ዳኞች ሁለቱ 115-112 እና 114-113 ለኡሲክ፣ አንዱ 114-113 ለፉሪ። ያቺ ቆጠራ ከፉሪ ያስቀነሰችው አንድ ነጥብ ባትኖር ጨዋታው አቻ ነበር። በታህሳሱ ድጋሚ ግጥሚያ ግን ሦስቱም ዳኞች 116-112 ለኡሲክ ሰጡት።

እነዚህ እግሮች ከየት መጡ ካልክ፣ ኡሲክ ወደ ከባድ ሚዛን ከመውጣቱ በፊት ከሱ በታች ባለው ክሩዘር ሚዛን ላይ ነበር፤ በ2018 አራቱንም የዓለም ሻምፒዮና ቀበቶ ሰብስቧል። ሲወጣ ጉልበት ጨመረ እንጂ የእግሩን ሥራ አልተወም። ከሱ የምወደውም ይሄንኑ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ቡጢ ከተለዋወጡ በኋላ ያለችውን አንዲት ሰከንድ አትለፋት። ብዙ ቦክሰኛ መትቶ ፊት ለፊት ይቆማል፣ ወይ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ኡሲክ ወደ ጎን ዞሮ ይወጣል። 9ኛውን ዙር በዝግታ አጫውተህ፣ ግራው ከማረፉ በፊት ቀኝ እግሩ የት እንደነበረች ያየኸውን ጻፍልኝ።