ኢሜይሎችሽ ሰርቨር ላይ የሉም፣ አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው

አንዲት አንባቢ ጽፋልኛለች። አዲስ ኮምፒውተር ገዝታ ያንኑ የኢሜይል አካውንቷን አውትሉክ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይ አስገባች። የመጡላት ግን የመጨረሻው 2 ሳምንት ኢሜይሎች ብቻ ናቸው፣ የላከቻቸው ጭራሽ የሉም። በብራውዘር ብትገባም ያው ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የ9 ዓመት ኢሜይል አለ፤ እሷ የምትፈልገው የደንበኞቿንና የቤተሰቧን ብቻ ነው። አንድ ሰው «ሁሉንም ገልብጬልሻለሁ» ብሎ ፍላሽ ሰጣት፣ አዲሱ ላይ ሲከፈት ግን ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል። አሁን ደግሞ አሮጌውን ፎርማት እናድርገው እያላት ነው።

እህቴ፣ ቆዪ። ፎርማት አታስደርጊ። የቀረውን ሳታነቢ እንኳ ይህችን ያዢልኝ።

«2 ሳምንት» የሚለውን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። አካውንትሽ አሮጌው ላይ የተሠራው በፖፕ (POP)፣ ኢሜይል ወደ ኮምፒውተር በሚወርድበት አንድ መንገድ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ አሮጌው ላይ አውትሉክን ክፈቺ፣ ፋይል፣ ከዚያ አካውንት ሴቲንግስ ግቢና ከአካውንቱ ስም አጠገብ የተጻፈውን ዓይነት እዪ። ፖፕ የሚል ካገኘሽ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ይህን ፖፕ የሚባል ነገር ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም ሰው ኢሜይሉን የሚያጣው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ፖፕ የወጣው በ1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ያኔ ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ ከመስመር ጋር አይውልም፣ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ኢሜይሉ መጀመሪያ በሚደርስበት የአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር ላይ ያለው ቦታም ጠባብ ነበር። ስለዚህ አሠራሩ ልክ እንደ ፖስታ ሣጥን ነው፦ ሄደሽ ሣጥኑን ትከፍቺያለሽ፣ ደብዳቤውን ቤት ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። ቤት ያለው ደብዳቤ ከዚያ በኋላ ያንቺ ኃላፊነት ነው። አውትሉክ ትንሽ ያስታምማል፣ ቅጂውን ለ14 ቀን ሰርቨር ላይ ትቶ ከዚያ ያጠፋዋል። ያንቺ 2 ሳምንት የመጣው ከዚህ ነው። ፖፕ የሚያወርደው ደግሞ ኢንቦክስን ብቻ ነው፤ ፎልደር የሚባል ነገር አያውቅም፣ የላክሽውንም ሰርቨር ላይ አያስቀምጥም። በ1986 የመጣው አይማፕ (IMAP) የሚባለው ሌላ መንገድ ግን ተቃራኒ ነው፦ ደብዳቤው ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል፣ አንቺ በየትኛውም ኮምፒውተር ሄደሽ ታነቢዋለሽ። አይማፕ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ላይ ፓስወርድ አስገብተሽ ሁሉንም ታገኚው ነበር። ያንቺ 9 ዓመት ግን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ አሮጌው ዲስክ ላይ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ፒኤስቲ (.pst) የሚል አንድ ፋይል ውስጥ። ፎርማት አታስደርጊ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ወደ ፍላሹ እንምጣ። የገለበጠልሽ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ከፍቶ አለማየቱ ያናድዳል። ሳይሞክሩት «ጨርሻለሁ» ማለት ሥራ አይደለም። ፍላሹ በርካሽ የተገዛና ትልቅ መጠን የተጻፈበት ከሆነ ጥፋቱ ከእሱ ነው ብዬ እገምታለሁ። ብዙዎቹ የውሸት ናቸው። 1 ቴራ ብለው ራሳቸውን ያሳያሉ፣ ውስጣቸው ያለው ቦታ ግን የዚያ ቅንጣት ነው፤ ሲሞላ ያለምንም ማስጠንቀቂያ በላዩ ላይ ይጽፋሉ፣ የፋይሉ ስምና መጠን ትክክል መስሎ ይታያል፣ ውስጡ ግን ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ፍላሽ ላይ ምንም አታስቀምጪ። የታወቀ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተዋሺ። ዲስኩ ፋት32 (FAT32) በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) በሚባለው ይሁን።

አሁን ሥራው። መጀመሪያ አሮጌውን ከኢንተርኔት ንቀዪው። አሮጌው አውትሉክ እስከተገናኘ ድረስ አዲስ የሚመጣውን ኢሜይል እያወረደ ከ14 ቀን በኋላ ከሰርቨር ማጥፋቱን ይቀጥላል።

ከዚያ እዚያው አሮጌው ላይ አዲስ ባዶ ፒኤስቲ ፍጠሪ፦ ኒው አይተምስ፣ ሞር አይተምስ፣ አውትሉክ ዳታ ፋይል። ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጪው፣ በግልጽ ስም። በግራ በኩል እንደ ሌላ ሣጥን ይወጣልሻል። ውስጡ «ደንበኞች» እና «ቤተሰብ» የሚሉ ፎልደሮች ክፈቺ፣ ለእያንዳንዳቸው የላክሽው የሚገባበት ሌላ ፎልደር ጨምሪ።

የምትፈልጊውን በላኪው ስም ፈልጊ። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ፦ አውትሉክ ፍጥነት ለመጨመር የተወሰነ ውጤት ብቻ አሳይቶ ይቆማል። ከታች «ሞር» የሚል ካለ ተጭነሽ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቂ፣ አለዚያ የመረጥሽ የመሰለሽ ግማሹ ይቀራል። ሁሉንም ምረጪ፣ በቀኝ ክሊክ ሙቭ ውስጥ ግቢና «ኮፒ ቱ ፎልደር» በዪ። ኮፒ ነው፣ ሙቭ አይደለም! ዋናው ካለበት አይነሳ። የላክሻቸውንም በተቀባዩ ስም እንዲሁ። ፎርዋርድ እያደረግሽ ለራስሽ መላክ ግን ይቅርብሽ፣ ቀኑም ላኪውም ይቀየራል፣ ለደንበኛ ጉዳይ ማስረጃነቱ ያበቃል።

ሲያልቅ አዲሱን ፒኤስቲ በቀኝ ክሊክ ዝጊው፣ አውትሉክንም ዝጊ፣ እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን ከሚያሳየው ታስክ ማናጀር ላይ መጥፋቱን እዪ። ከዚያ ብቻ ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጪ። አዲሱ ላይ ፋይሉን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገቢ፣ ከሃርድ ዲስኩ ላይ ሆኖ አይከፈት። ፋይል፣ ኦፕን ኤንድ ኤክስፖርት፣ ኦፕን አውትሉክ ዳታ ፋይል። ይህን የምታደርጊው ነባሩ፣ ክላሲክ በሚባለው አውትሉክ ላይ ነው።

በየፎልደሩ ያለውን ብዛት ከአሮጌው ጋር አስተያዪ። ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ኢሜይል ከነአባሪው ክፈቺ። አባሪው ከተከፈተ ተርፏል።

አዲሱ ላይ አካውንቱን በፖፕ አስገብተሽው ከሆነ አንስተሽ በአይማፕ አስገቢው። ከማንሳትሽ በፊት ግን የመጣልሽ የ2 ሳምንቱም አዲሱ ፒኤስቲ ውስጥ ኮፒ ይደረግ።

አሮጌውን ለአንድ ሁለት ወር ሳትነኪው አስቀምጪ፣ የረሳሽው ደንበኛ ስም መምጣቱ አይቀርም። የግድ ፎርማት ይደረግ ከተባለም አስቀድመሽ ትልቁን ፒኤስቲ ሙሉውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጪ፣ አዲሱ ላይ ከፍተሽ እዪ፣ ከዚያ ይደረግ።